የስምንት ዲስክ ካቦ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኮሌጁ ሬጅስትራር የተማሪ ውጤት ልታይ ኮምፒውተሯን ብትከፍት፣ ውጤት የሚባል ነገር የለም። የአራት መቶ አሥራ ሁለት ተመራቂ የዓመታት ልፋት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ውልቅ ብሎ ሄዷል። ዘግታ ከፈተችው። የለም። ሦስተኛ ሞከረችና እሪ አለች።

ኢንስፔክተር ድርቤ በባጃጅ ስትደርስ ግቢው የተነካ ቀፎ ሆኖ ጠበቃት። ተማሪው ይጮኻል፣ መምህሩ ይሟገታል፣ ዘበኛው የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን አጥቶ በሩ ላይ ይሽከረከራል። ቢጮኹ አይፈረድባቸውም። የመውጫ ፈተና ምዝገባ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ ውጤቱ ያልተላከለት ተማሪ ለከርሞ ቆሞ ይጠብቃል።

«አሻጥር ነው!» አሉ ዲኑ፣ ዶክተር ተረፋ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ። «ማን እንደሠራችውም አውቃለሁ።»

«መጀመሪያ ክፍሉን ያሳዩኝ፣ ዶክተር» አለች ድርቤ። ቁማ መስማት አይሆንላትም፤ ጣቢያ ውስጥ «እሳት የረገጠች» የሚሏት በከንቱ አይደለም። እሳቸው ሲያወሩ እሷ ኮሪደሩን አጋምሳዋለች።

ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ድሮ የጠመኔ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ነገር ነው። ማሽኑ ማራገቢያው እያጓራ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ስምንት ዲስኮች ተሰክተዋል፤ የስምንቱም ትንንሽ መብራት ጠፍቷል። ከኋላው ቀይ ክር የታሰረባት ፍላሽ አለች፤ ጀርባዋ ላይ በመርፌ የተጫረ ስም፦ ዝማሬ። መደርደሪያው ላይ ሽቦ፣ አሮጌ ኪቦርድ፣ በማርከር ትልልቅ ቁጥር የተጻፈበት የብስኩት ካርቶን ቁራጭ። ድርቤ ካርቶኑን አየችው፤ የዕቃ ቁጥር ይሆናል ብላ አለፈችው። አይ ማለፍ! በዚህች ማለፍ ራሷን ስንቴ እንደረገመች እሷ ናት የምታውቀው።

«ዝማሬ ማናት?»

«የማሽኑ ሠራተኛ። የዚህ ክፍል ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ አለቃዋ አቶ መገርሳ ጋ። አቶ መገርሳ ቅዳሜ ጉቴ ከተማ ቀብር ላይ ነበሩ። ታዲያ ማን ቀረ?»

«ጠብ ነበራችሁ?»

ዶክተር ተረፋ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ታሟል፣ ለሁለት ሰዓት ይጥፋና እንጠግነው ብላ መጣች። ውጤት ሳይላክ ማንም ማሽን አይነካም ብዬ በደብዳቤ ከለከልኩ። በሩን በላዬ ላይ ወርውራ ነው የወጣችው። ምስክር አለኝ።»

ድርቤ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሕብረትን አስጠራችው። ሕብረት ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ያህል ካፏጨ በኋላ ዝም አለ፤ የዚያን ጊዜ ነገሩ እንደከበደ ገባት።

«ዲስኮቹ አልተነኩም» አላት። «ይልቅ የተነካችው ካርዷ ናት። እዚህ ውስጥ ዲስኮቹን የምታዝ አንዲት ካርድ አለች። ካቦ በያት። ስምንት የቀን ሠራተኛ አሰልፋ እንደ አንድ ሰው ታሠራቸዋለች። ካቦዋ የምታስብበት ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። አንድ ሰው እሱን አጥፍቶ ሌላ ጭኖባታል፤ ፍላሽ ማድረግ የምንለው ነው። አዲሱ ፕሮግራም ካቦነቷን አስረስቷታል፤ ስምንቱ ለየብቻ ቆመው እርስ በርስ አይተዋወቁም።»

«መቼ?»

«ማሽኑ ይናገራል። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።»

«መልሰው።»

«በምን? የድሮው ፈርምዌር ራሱ ያስፈልገኛል። ፍላሿ ላይ ሁለት ፈርምዌር አለ፤ አንዱ ይኸው የተጫነባት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዚችው ካርድ የወጣ አዲስ። አዲሱን በጭፍን ብጭንና ዲስኮቹን እንደ ባዶ ብታያቸው ያኔ በእውነት ጠፉ። እኔ እጄን አላስገባም እቱ፤ አራት መቶ እናት ትረግመኛለች።»

ዲኑ ክፍሉ በዘበኛ ይጠበቅ ብለው ጮኹ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድርቤ በሩን አሸገች፤ ቁልፎቹን ኪሷ ከተተች።

ዝማሬ ከሰዓት በፊት ጣቢያ ገባች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቦቿ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ ከከተሙ ሦስተኛ ትውልድ ናት። ድርቤ ቃሏን ራሷ እንድትጽፍ ወረቀት ሰጠቻት። ልጅቱ አጎንብሳ እንደ ጤፍ በደቀቀ ጽሑፍ ሁለት መስመር ጻፈች፦ «ፍላሿ የኔ ናት። መሳቢያ ውስጥ ትቻት ነበር፤ እኔ አልሠራሁትም።» ከታች ስልክ ቁጥሯን አኖረች፤ ሰባቶቹን ወገባቸው ላይ በሰረዝ አስራቸዋለች።

«ማን ሠራው ታዲያ?»

ልጅቱ ብዕሩን ከድና መለሰችላት።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ቤት። ውሃ መጥቶ ነበር።»

ይህን ድርቤ አመነች። በዘጠኝ ቀኑ ውሃ መጥቶ ጀሪካኑን ጥሎ የሚወጣ የነቀምቴ ሰው ገና አልተወለደም። «ማን አየሽ?»

«እናቴ። ሰፈሩማ በሙሉ ጉቴ ቀብር ሄዷል።»

«ኦቦ መገርሳም?»

ልጅቱ ቀና አለች። «አባባ ቀብር ነበሩ አሉ አይደል?»

«አባትሽ ናቸው?»

«አይደሉም። አባባ ነው የምላቸው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስመጣ ማሽን መንካት እፈራ ነበር። እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።» እንባዋ ግጥም ብሎ መጣ፤ ግን አንድ ቃል አልጨመረችም። ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ ብትባል እንኳ አልጨመረችም።

ድርቤ ነገሩ ጎረበጣት። ጥፋተኛ እንዲህ አይደለም፤ ጥፋተኛ ያወራል፣ ይምላል፣ ሌላውን ይጠቁማል። ይቺ ግን አንድ ነገር በጥርሷ ይዛ ተቀምጣለች።

አቶ መገርሳ ቃላቸውን የሰጡት ኮሌጁ ግቢ፣ ጥዱ ዛፍ ሥር ነበር። ረጅም፣ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው።

«አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ መገርሳ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ምን ሰላም አለ...» አሉ። «ያቺ ልጅ አላደረገችውም። የሰው ፊት እንኳ ቀና ብላ አታይም።»

«እርስዎስ ቅዳሜ?»

«ጉቴ ቀብር ነበርኩ። ዕድሩን ጠይቂ።»

ቃላቸውን ጽፋ እንዲያነቡ ብትዘረጋላቸው፣ «አንቺው አንብቢልኝ፤ የፖሊስ ጽሑፍ አይገባኝም» አሉ። አነበበችላቸው። ፈረሙ፤ ፊርማቸው መስመሩን ስቶ የሷ ስም ላይ ወጣ። ኀዘን ነው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነው አለች።

የዕድሩ ጸሐፊ ኦቦ ያደታ መዝገባቸውን ከሣጥን አወጡ። የቅዳሜው ስም ጥሪ ላይ ከመገርሳ ስም አጠገብ ቁልጭ ያለ የራይት ምልክት አለ።

«ነበሩ ማለት ነው?»

«የመገርሳ ቤት መች ቀርቶ ያውቃል!» አሉ ኦቦ ያደታ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

በሩ ተዘጋ። ለዝማሬ የተዘጋው በዚሁ ራይት ነው፤ እሳቸው ጉቴ ከነበሩ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። የጣቢያው አዛዥ ደውለው «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት። ዲኑ ደወሉ። ዲኑ ደግመው ደወሉ። ድርቤ ያን ምሽት ራቷን ቁማ በላች።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ፍንጭ መጣ። ዋጋሪ የሚባል ተማሪ አንድ ትምህርት ወድቆ፣ «ይህ ኮሌጅ ሲፈርስ እጨፍራለሁ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ጽፎ ነበር። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲሬ ከተማ ውስጥ ስልክ ፍላሽ ማድረግ! ድርቤ ሚኒባስ ላይ ዘለለች። መንገዱን ሙሉ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ አጠገቧ የተቀመጡትን አሮጊት አስቸገረቻቸው፤ «ልጄ፣ ሽንት ይዞሽ ከሆነ ሹፌሩን ላስቁምልሽ» እስኪሏት ድረስ።

ዋጋሪ ፖሊስ መሆኗን ሲሰማ እጁ ላይ ያለው ስልክ ወደቀ።

«እኔ? ያ ረቢ! ሰርቨር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም! ደግሞስ ደግሜ ተፈትኜ አልፌያለሁ እኮ፤ ውጤቴ እዚያው ውስጥ ነው። እሱ ከጠፋ እኔም ጠፋሁ!»

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል?»

«አኖ ከተማ፣ ሰርግ ላይ። ለወንድሜ ሚዜ ሆኜ።» ስልኩን ከመሬት አንሥቶ ቪዲዮ አሳያት። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ዋጋሪ ጃንጥላ ይዞለት ላቡ ይንጠፈጠፋል። ከኋላ ሰላሳ ሰው ይዘፍናል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይመጣል?

ድርቤ የካርዷን ነገር አጫውታው ልትወጣ ስትል ልጁ፣ «ክፉ ሰው ነው የሠራው አሉ?» አለ።

«እንዴት?»

«እኔ ስልክ ፍላሽ ሳደርግ የስልኩ መለያ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። የሰው ስልክ ከሆነ ቁጥሩን ከጀርባው አይቼ መልሼ አስገባለሁ። ሌባ ያመጣው ስልክ ሲሆን ግን ማንም አይመልስም። እንዲያውም እንዲጠፋ ነው የሚፈለገው። የእናንተዋ ካርድ ቁጥሯ ተመልሷል?»

ድርቤ የመጣችበት ሚኒባስ ገና አልሄደም ነበር።

ሕብረት ካርዷን ነቅሎ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ለማየት ተጨናበሰ። «ዓይኔ ይጥፋ፣ ይቺን የሚያነብ ሰው ንስር ነው። ስልክሽን አብሪልኝ... አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ስድስት...» እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ትናንት ከማሽኑ የጻፈውን አየ። ፉጨቱ ቆመ።

«ያው ነው። መልሶላታል። ካርዷን ሲያጠፋት ቁጥሯም ጠፍቶ ነበር፤ ቁጭ ብሎ አሥራ ስድስቱንም መልሶ አስገብቷል።»

«ሊያጠፋ የመጣ ሰው እንዲህ ይደክማል?»

«አይደክምም። ይህ ለካርዷ የሚሳሳ ሰው ሥራ ነው። ሊያድናት ፈልጎ ሌላውን ፈርምዌር ጭኖባታል። ሁለቱ ፍላሿ ውስጥ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተደርድረዋል፤ ተሳስቶ ነው።»

ድርቤ ግን እየሰማችው አልነበረም። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ነው። የብስኩት ካርቶኑ። አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ስድስት። እያንዳንዱ ቁጥር የአውራ ጣት ያህላል። ሰባቶቹ ወገባቸው ላይ በሰረዝ ታስረዋል።

«የልጅቱ ጽሑፍ ነው» አለች።

«አለቀላታ!» አለ ሕብረት፣ ከልቡ አዝኖ።

ድርቤ ከፋይሏ የዝማሬን ቃል አወጣችና ካርቶኑ አጠገብ አስቀመጠችው። እንደ ጤፍ የደቀቀ ጽሑፍ፤ እንደ በር የገዘፈ ጽሑፍ። አንድ እጅ። ክፍሏ ሁለት እርምጃ አትሞላም፤ ድርቤ ግን ትመላለስባት ጀመር።

«ሕብረት፣ አንተ ለራስህ ቁጥር ስትጽፍ እንዲህ ታገዝፈዋለህ?»

«ምን በወጣኝ? ለአያቴ መድኃኒት ላይ ስጽፍ ነው...» አለና ተያዩ።

ለራሷ አልጻፈችውም። ለሌላ ሰው ዓይን ነው የጻፈችው። አንቺው አንብቢልኝ፣ ልጄ። ፊርማው መስመሩን ስቶ። ድርቤ እኚያን ሽማግሌ ወዳቸው ነበር።

ኦቦ ያደታ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨፈገጉ። «መዝገቤን ጠረጠርሽው?»

«መዝገቡን አይደለም፣ ኦቦ። አንድ ነገር ብቻ። ስሙ ሲጠራ አቤት ያለው ማነው?»

«የመገርሳ? ባለቤቱ ናታ፣ አዴ ኢቢሴ። እሱ አሞታል አለች።»

«ታዲያ ራይት አደረጉበት?»

«እንዴት አላደርግ! ዕድር የቤት ነው እንጂ የሰው ነው እንዴ? ከቤቱ አንድ ሰው ከቆመ ቤቱ ቆመ። አንቺስ ባለፈው የእህትሽ ባል አይደል አቤት ያለልሽ?»

እውነታቸውን ነው። ራሷ ዕድርተኛ ሆና፣ ራሷ በአማቿ አፍ ስንቴ «ተገኝታ»፣ ራይቱን ስታይ ግን ሰውየውን በዓይኗ ያየች መስሏት አለፈች። በዚህ ስንፍና አንዲት ልጅ ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ አድራለች። ድርቤ ባጃጅ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ በእግሯ ነው የሄደችው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቶ መገርሳ ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቴዋን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ማን እንደሆነች ግን እስክትናገር አላወቁም። ባለቤታቸው አዴ ኢቢሴ ከጓዳ ብቅ ብላ ድርቤን አየችና በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ድርቤ አንድ ወረቀት እጃቸው ላይ አኖረች። «ዝማሬ የእምነት ቃሏን ሰጥታለች። ሁሉንም ጽፋዋለች። ያንብቡት።»

አቶ መገርሳ ወረቀቱን ያዙት። አስጠጉት፤ አራቁት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።  እንባቸው ወረቀቱ ላይ ወረደ።

«እኔን... እኔን ነው ያለችው?»

«ምንም አላለችም፣ ኦቦ መገርሳ። ወረቀቱ ባዶ ነው።»

አዴ ኢቢሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሽማግሌው እንደተበሳ ጀሪካን ሁሉን አፈሰሱት። ዓይናቸው ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። የሚያውቁት ባለቤታቸውና ዝማሬ ብቻ ናቸው። ልጅቱ እያነበበችላቸው፣ ቁጥሩን ካርቶን ላይ እያገዘፈችላቸው፣ የሠራችውን በሳቸው ስም እያስመዘገበች ኖሩ። ካርዷ መታመሟን አብረው ደረሱበት። አዲሱን ፈርምዌር ፍላሽ ላይ አዘጋጁ፤ የማይሆነውም በስህተት ከኢንተርኔት አብሮ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ዲኑ ከለከሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ዲስክ ለጊዜው ወድቆ ተነሣ።

«ሦስተኛው ቢወድቅ የልጆቹ ውጤት በእውነት ይጠፋ ነበር» አሉ። «ቅዳሜ ሁሉም ቀብር ሄደ። ማሽኑን የሚጠቀም የለም። አልኩ፦ መገርሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻህን ሥራው። ሠላሳ ዓመት የሠራህበት እጅ አይደለም ወይ? አሮጌውን መጀመሪያ አስቀመጥኩ። አጠፋሁ። ከላይ ያለውን ጫንኩ። ከላይ ያለው ነው ትክክለኛው መስሎኝ! ቁጥሯን መለስኩላት። ማራገቢያው ሲነሣ ሰማሁት፤ ተነሣ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መብራቶቹን... መብራቶቹን አላየኋቸውም።»

«ሰኞስ? ልጅቱ ስትያዝ?»

«በሩ ታሽጎ ነበር።»

«አፍዎም ታሽጎ ነበር?»

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱና አንዲት ፍላሽ አወጡ። «አሮጌው ይኸው። ከቅዳሜ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው።» ቀጥለው በዝግታ፣ «ዓይኔ ጠፋ ከሚባል እሷ ትታሰር ብዬ አይደለም፣ ልጄ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነው። ነገ፣ ነገ...» አሉ።

ድርቤ ተናደደች። አዘነችም። «ባርኔጣዎን ያድርጉ፣ እንሂድ» አለች።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ጠባቧ ክፍል ሞልታ ፈሰሰች። ዲኑ አሉ፤ የከለከሉበትን ደብዳቤ ግልባጭ ድርቤ ፋይሏ ውስጥ ስለከተተች ዛሬ ድምፃቸው ቀንሷል። ሕብረት አለ፤ አያፏጭም። አቶ መገርሳ ጥግ ላይ ቆመዋል። ዝማሬ ከእስር ቤት እንደመጣች፣ ፀጉሯ ሳይበጠር፣ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። ድርቤ ሁሉን ነግራታለች። ስትነግራት፣ «አሮጌው ኪሳቸው ውስጥ ነበር?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

«እኔ እኮ አፋቸውን እስኪከፍቱ ነበር የጠበቅኩት» አለች ለድርቤ በሹክሹክታ። «ቁልፉ ሁለታችን ጋ ብቻ ነው፤ ሰኞውኑ ገብቶኝ ነበር። ይመጣሉ፣ ዛሬ ይመጣሉ ስል ነበር።»

አሮጌውን መጫን ጀመረች። ካርዷ ፍላሽ ስትደረግ መብራት ከጠፋ አበቃ፤ ካርዷም የለችም። ነቀምቴ ደግሞ መብራቷን ታውቁታላችሁ። ዘበኛው ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሟል። አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ ሲል ዲኑ «ወይኔ!» አሉ። ተመልሶ በራ። ድርቤ እግሯን መሬት ላይ ለማቆየት ጠረጴዛውን ጨብጣለች። ዝማሬ ከካርቶኑ ላይ፣ ራሷ ከጻፈችው፣ አሥራ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አስገባች። ማሽኑ ጠፋ። ማራገቢያው ተነሣ።

አንዷ ትንሽ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ። ስምንቱም። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ሬጅስትራሯ «መጣ! መጣ!» እያለች ጮኸች፤ ተማሪው እልል አለ። ዲኑ ሕብረትን አቀፉት፤ ምኑን እንዳደረገ እንጃ።

አቶ መገርሳ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዙረዋል፤ ዓይናቸው ግን ከመብራቶቹ በላይ ባዶ ግድግዳ ላይ ነው። ማራገቢያው ቅዳሜም ተነሥቶ ነበር፤ ጆሯቸውን ከእንግዲህ አያምኑትም።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ተመለሱ?»

ዝማሬ ፍላሿን ነቅላ ለድርቤ ሰጠች። ካርቶኑን አነሣችና ሽማግሌው እጅ ላይ አኖረችው። ሰባት ዓመት አባባ ስትላቸው ኖራለች።

«ስምንቱም ተመልሰዋል፣ አቶ መገርሳ» አለችና ወጣች። ድርቤ የሰውየውን ክንድ ይዛ ደረጃውን እየቆጠረች አወረደቻቸው።